በፕላስተር የታሸገው ክፍል

ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ከዚህ ውስጥ አንዲት ነገር አልጨመርኩም... የቀነስኩት ይበዛል።

የሆነው በጠራራ ቀን ነው። ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም፣ በምሠራበት የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ።

ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። ልጄን ቀሰቀስኳት። "ትንሽ ብቻ፣ እማ" አለች። ትንሽ ሰጠኋት። ከዚያ አንዱ ካልሲዋ ጠፋ፤ አልጋ ሥር ተገኘ። ዳቦዋን ግማሹን ትታ ወጣች፤ ግማሹን እኔ በላሁት። ትምህርት ቤት በር ላይ ፀጉሯን ልነካካ ስል "እማ፣ ሰው ያያል" ብላ ሸሸችኝ።

ሥራ ቦታ ስደርስ የጽዳት ሠራተኛችን ኮሪደሩን ታጥባለች። አንድ ባልዲ ውሃ እግሬ ላይ ተደፋ።

"ውይ በሞትኩት! ጫማሽን አበሰበስኩት እኮ!"

"ግድ የለም፣ ይደርቃል።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ግድ የለም ነው! እስቲ አንድ ቀን እንኳ ተቆጪ!"

ሳቅሁ። ጫማዬን አውልቄ የኋላው መስኮት ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጥኩት። ከመደርደሪያው የላቦራቶሪውን ነጠላ ጫማ አንስቼ አደረግሁ።

ይቺን ትንሽ ነገር ልብ በሉ። በር ያስዘጋችብኝ እሷ ናት።

ሥራዬን ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም።

አፈር ሲደርቅ ይጠማል። ሲጠማ ካገኘው ነገር ሁሉ እርጥበት ይስባል። እኛ የምንለካው ያንን ጥማት ነው።

አፈሩን ሰፊ አፍ ባለው የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ እናስቀምጣለን። ከላዩ፣ አፈሩን ሳትነካ፣ በሽቦ መቀመጫ ላይ አንዲት ክብ ማጣሪያ ወረቀት እናደርጋለን። ክዳኑን ገጥመን ዙሪያውን በፕላስተር እናሽጋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው... አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ወረቀቷና አፈሩ አይነካኩም። ግን በመሃላቸው ባለው አየር በኩል እርጥበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል... እስኪመጣጠኑ ድረስ። በመጨረሻ ወረቀቷን በወረንጦ አንስተን እንመዝናታለን። የያዘችው ውሃ የአፈሩን ጥማት ይነግረናል።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ነው። የእኛ ክፍል ሁለት ሰው የሚጣበብበት፣ ግድግዳው እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ወፍራም፣ መስኮት የሌለው ነው። የመብራቱ ማብሪያ ውጭ ነው። በሩ ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል። "ይሠራል፣ ይሠራል" ሲባል እኛም ለመድነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ አለን። የሚገባ ሰው ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይገባል። አቧራ እንዳይገባ ነው የተጀመረው፤ በኋላ ግን ምልክት ሆነ።

ጫማ በሩ ላይ ካለ ሰው አለ። ጫማ ከሌለ... ሰው የለም።

እኔ የዚያን ቀን በሩ ጋ የደረስኩት ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው።

ስለ ባለቤቴም መናገር አለብኝ። የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ከተቆረጠ ተራራ ሥር ቆሞ ሲለካ አፈሩ ወረደበት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልብሱን ወንድሞቹ ወሰዱ፤ ለእኔ የደረሰኝ የእጅ ሰዓቱ ብቻ ነው። ስልኩ አብሮት ተቀበረ፤ የተቀረጸ ድምፅ አልቀረልኝም። የቀረኝ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ጎርነን ያለ ድምፅ። በስሜ አይጠራኝም ነበር። "አንቺ ሴትዮ" ነው የሚለኝ፤ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ሳቅ አለች።

ሰው ፊት ስለ እሱ አላወራም። ዘመዶቼ "ልቧ ደንዳና ነው" ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ያቺን ድምፅ እየቆጠብኩ ነው። እያለቀ ያለ ሽቶ ያላት ሴት ክዳኑን በየቀኑ አትከፍትም።

ወደ ዓርብ ልመለስ።

አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን ብልቃጦቹን እያሸገ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ስለሚለጥፍ "ፕላስተር" እንለዋለን። የምሳ ዕቃውን ሳይቀር ያሽጋል።

"እትዬ፣ እነዚህን ለእኔ ይተዉልኝ" አለኝ ሳያየኝ።

"ለምን?"

"ትናንት ዶክተር ናቸው ያሉት። አንተ ብቻህን ሥራቸው አሉኝ።" ዶክተር የምንለው አለቃችንን ነው።

"ከየት የመጣ አፈር ነው?"

"ከ... መንገድ ሥራ።"

"የት ያለ መንገድ?"

ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠ። "እኔ ምን አውቄ እትዬ? ቁጥር ብቻ ነው ያለው።"

ውሸት አያውቅበትም። ጆሮው ቀላ።

አፈሩን አየሁት። ግራጫ ነው፤ በመሃሉ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጫጭ ጠጠር አለበት። አወቅሁት። ከባለቤቴ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ያወጣሁት አፈር ነው።



ፕላስተር ብልቃጦቹን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ደረደራቸው። የበሩን ዙሪያ የሚያሽግበት ሌላ ጥቅልል ሊያመጣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደ። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ብልቃጦቹ ከገቡ በኋላ በሩ ራሱ ይታሸግና እስከ ቀጠሮው ቀን ማንም አይከፍተውም።

በክፍቱ በር አሻግሬ ሳይ፣ የመጨረሻው ብልቃጥ ክዳን ላይ ፕላስተሩ ጫፉ ተነስቷል። ልጫነው ገባሁ።

ሌላ ምክንያት ካለኝም እዚህ አልጽፈውም።

ጎንበስ ብዬ ጫፉን በአውራ ጣቴ ስጫን፣ ከኋላዬ በሩ ቀስ ብሎ ገጠመ። አልደነገጥኩም፤ በራሱ መግጠም ልማዱ ነው፤ ፕላስተርም ተመልሶ ይከፍተዋል ብዬ ነው።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

ከዚያ...

ጭርርርርር...

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ፕላስተር ከጥቅልሉ ሲላቀቅ ነው። በላይ በኩል... በጎን... ቁልቁል...

"እኔ አለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "አንተ! ክፈት!"

ጭርርርርር...

በሩን በሁለት መዳፌ ደበደብኩት። ወፍራም ነው፤ ትራስ የምደበድብ ነው የሚመስለው። ውጭ የአየር መጭመቂያው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ይንደቀደቃል። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ እንኳን ከበር ኋላ ያለ ሰው፣ አጠገብህ ያለም አይሰማም።

የፕላስተሩ ድምፅ ቆመ። እግሩ ራቀ።

ስልኬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጋውኔ ውጭ ተሰቅሏል። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ራሴን አረጋጋሁ። "ይፈልጉኛል" አልኩ። ግን የት? ቢሮ ይፈልጋሉ። ግቢ ይፈልጋሉ። በፕላስተር የታሸገ በር ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ራሴ ብሆን አልፌው ነው የምሄደው።

ዓርብ ነው። ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

በጨለማው ውስጥ የሚበራው የቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻ ነበር። ሃያ አምስት። ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ።

ቆይቼ ነው አንድ ነገር የገባኝ።

ቁጥሩ አይንቀሳቀስም።

በዚያ ክፍል ሰው ትንሽ ከቆመ ቁጥሩ ይጨምራል። የሰው ገላ ምድጃ ነው። ፕላስተር ሁሌ "እትዬ ቶሎ ይውጡ፣ ይሄ ክፍል ከሚስቴ በላይ ቁጡ ነው፤ ትንሽ ከቆዩበት ይግላል" እያለ ያስቀኛል።

እኔ ስጮህና ስደበድብ ቆይቻለሁ። አልቦኛል።

ሃያ አምስት።

መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ ተነፈስኩበት። ትንፋሼ ደረቅ ነው... ከምድጃ እንደሚወጣ አየር ደረቅ። ግንባሬን ዳበስኩ። ላቡ የለም። ጨው ብቻ ነው ጣቴ ላይ የቀረው።

ከንፈሬን ላልስ ምላሴን አወጣሁ። ምላሴ እንጨት ሆኗል።

ከመደርደሪያው በኩል ድምፅ መጣ። በጣም ቀጭን... ጭስስስ... ደረቅ አፈር ላይ የውሃ ጠብታ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ። እየጠጣ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ውሃ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። የታሸገ ዕቃ። ከታች አፈር። በመሃል አየር። አይነካኩም...

ወረቀቷ እኔ ነኝ።

"ሞኝ አትሁኚ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የተማርኩ ሰው ነኝ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ቆጥቤ የኖርኩትን አወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ጠራሁት።

*አንቺ ሴትዮ።*

መጣ። ጎርነን ብሎ፣ ከነሳቁ። ደረቴ ቀለል አለኝ። ደግሜ ጠራሁት።

መጣ... ግን ሳቁ የለም።

ሦስተኛ ጊዜ ስጠራው ጆሮዬ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ከመደርደሪያው ነው የመጣው።

"...አንቺ ሴትዮ..."

ከመጨረሻው ብልቃጥ። ታፍኖ፣ ከብርጭቆ በስተኋላ።

እናቴ "ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበይ" ትለን ነበር። አውቃለሁ። ግን ስንት ጊዜ ነው የለመንኩት? ስንት ሌሊት?

"አቤት" አልኩ።

ጭስስስስ...

ወዲያው የሆነ ነገር ከውስጤ ሲሄድ ተሰማኝ። አያምም። ጥርስ በማደንዘዣ ሲነቀል እንደሚሰማው ነው፤ ሕመሙ የለም፣ መነቀሉ ግን ይታወቃል።

ዘወትር ከቤት ስንወጣ የሚለኝ ነገር ነበር። "ቁልፉን ይዘሻል?" ይለኛል፤ ሁሌም ቁልፉ ያለው እሱ ኪስ ነው። ያንን ልጠራው አሰብኩ። ገና ሳስበው...

"...ቁልፉን ይዘሻል?..." አለ ብልቃጡ።

እኔ ጋ ቃሉ ብቻ ቀረ። ድምፅ የሌለው ቃል። ወረቀት ላይ እንደተጻፈ።

አንድ ቀርቶኛል። ሌሊት ተነስቼ በሩ መቆለፉን ላረጋግጥ ስል፣ ከአልጋው ሳይነሳ የሚለኝ። እሱን እንዳላስበው ለራሴ ማልኩ። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሌ ማነብነብ ጀመርኩ። ሰባት ጊዜ ስድስት... ሰባት ጊዜ ሰባት... የልጄን የመዝሙር ደብተር ግጥም አልኩ። አፌ ደርቆ ቃላቱ ይሰነጠቃሉ።

"አልሰጥም" አልኩ። "ይሄን አልሰጥም።"

ተነስቼ በዳበሳ ብልቃጡን አገኘሁት። ሞቋል። ሃያ አምስት በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ብርጭቆው ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር ሞቋል። ውስጡ ወደ መዳፌ ትንሽ... ገፋ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ገፋ ያደርጋል፣ ይመለሳል።

የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሬ ያዝኩት። ብከፍተው የእኔ ይመለስልኛል? ወይስ የቀረችኝንም ይወስዳታል?

ሰባት ጊዜ ስምንት... ሰባት ጊዜ ስምንት... ስንት ነው?

ስንት እንደሆነ ጠፋኝ። ለአፍታ አእምሮዬ ባዶ ሆነ።

ያቺ አፍታ በቃችው።

"...ተኚ... በሩን እኔ እዘጋዋለሁ..."

መብራቱ በራ።

ፕላስተሩ ከውጭ ተገሸለጠ። በሩ ተከፈተ። ፕላስተር ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። በአንድ እጁ የእኔን ጫማ ይዟል።

"መስኮቱ ላይ... ጫማዎን አየሁት... ነጠላ ጫማው ደግሞ ከመደርደሪያው የለም... እትዬ! ኧረ እትዬ!"

ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው የቆየሁት። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ይደማ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ ስታመጣልኝ ጆጉን አልመለስኩላትም፤ ጨርሼው ሌላ ጠየቅሁ። "እግዚኦ፣ ይቺ ሴት ሳምንት በረሃ የከረመች ነው የምትመስለው" አለች ለሌሎቹ።

ወደ ክፍሉ ዘወር ብዬ አየሁ። ብልቃጦቹ ሁሉ ደርቀው ተደርድረዋል።

የመጨረሻው ብቻ፣ ብርጭቆው በውስጥ በኩል በላብ ተሸፍኗል።

ልጄን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበልኳት። 

ሰኞ ፕላስተር ብቻዬን አገኘኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እኔ ሳልጠይቅ አልለጠፍኩም።"

"ምን አልከኝ?"

"ጫማ ባላይም ጠይቄያለሁ። ልማዴ ነው። 'ሰው አለ?' አልኩ።"

"እሺ?"

ወደ ክፍሉ በር አየ። "ሰውዬው መለሰልኝ።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"እኔ እንጃ! ከውስጥ ነው፣ ከኋላዬ ነው... ዶክተር መሰሉኝ። 'ማንም የለም፣ ዝጋው' አለኝ። በጣም ረጋ ብሎ።" ጆሮውን አየሁት። አልቀላም። "ዶክተር ግን የዚያን ቀን አልገቡም አሉ።"

እጁን ያዝኩት። በሥራ ቦታ የሰው እጅ ይዤ አላውቅም።

"ድምፁ እንዴት ያለ ነበር?"

"እትዬ ይተዉኝ..."

"እንዴት ያለ ነበር? እስቲ እንደ እሱ አድርገህ በለው።"

"ጎርነን ያለ... ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ዓይነት..."

"በለው እኮ! አንዴ ብቻ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን አወፈረ። "ማንም የለም፣ ዝጋው" አለ።

የእሱ የራሱ ድምፅ ነበር። የፕላስተር ድምፅ።

"እንዲህ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ አልችለውም።"

ዶክተር ብልቃጦቹ ሁሉ ይጣሉ፣ ሥራው በሌላ ናሙና ይደገም ብለው አዘዙ። ሌሎቹ ተጣሉ። የመጨረሻዋን እኔ ደበቅኋት። ከቀጠሮዋ በፊት ብትከፈት ውጤቷ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠበቅሁ። ሳምንት ሙሉ ለራሴ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ *የወሰደው ወረቀቷ ላይ ይሆናል። በአየር የሄደ፣ በአየር ይመለሳል።*

ቀኑ ሲደርስ ፕላስተርን ጠራሁት። ብቻዬን አልፈለግሁም።

ክዳኑን ፈታሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ዝም።

ወረቀቷን በወረንጦ አንስቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። የሚዛኑን የመስታወት በሮች ዘጋሁ። ነፋስ እንዳይነካው ነው፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ ቁጥሩን ያዛባዋል።

የመጨረሻው አኃዝ ወጣ... ቆየ... ወረደ። ወጣ... ቆየ... ወረደ።

"እትዬ..." አለ ፕላስተር በሹክሹክታ። "በሮቹ እኮ ተዘግተዋል።"

"አያለሁ።"

"ታዲያ ማነው የሚተነፍሰው?"

ዓይኔን ከሚዛኑ አላነሳሁም። ቁጥሩ እየዘገየ ሄደ። ወጣ... ወረደ... አንድ ጊዜ ረጅም ወጣ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና ቆመ።

አነበብኩት። የደረቅ ወረቀት ክብደት ነው። ወረቀቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ብልቃጡ ውስጥ ተመለከትኩ። ደርቆ የገባው አፈር ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ እርጥብ ሆኗል። መሃሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፤ አፍ ሲከደን እንደሚሆነው፣ ጠርዞቹ ቀስ ብለው ተገጣጠሙ።

ፕላስተር ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

አሁን ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት። የባለቤቴን ፊት አስታውሳለሁ። አካሄዱን፣ እጁን፣ ሰዓቱን የሚያስርበትን አስታውሳለሁ። የሚለኝን ቃል አንድም አልረሳሁም።

ድምፁ የለም።